በሬ ያልገባበት መሬት

ወገራ፣ የካቲት 14 ቀን 1954 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤ ጎንደር።

እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰቡስ እንደምን ነው? ባለቤትዎ ደኅና ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? ጾሙን እንደምን ያዙት? እኔ ከብርዱ በቀር ደኅና ነኝ። ልጄ ስንዱም ደኅና ናት፣ ላሟም ወልዳለች፣ እሱ ፈጣሪ ይመስገንና አለን።

እንግዲህ የሰላምታው ወግ ይህን ያህል ከበቃ አንቱታውን እዚህ ላይ ላቁመው። ቄስ ከሆንህ ጀምሮ አንቱ ስልህ ኖሬአለሁ፤ መስቀልህን ተሳልሜአለሁ፣ በመጣህ ቁጥር ከመቀመጫዬ ተነስቻለሁ። ዛሬ የምናገረው ግን ከቄሱ ጋር አይደለም፤ ከአያ ጋር ነው። አንድ ጡት ጠብተን፣ አንድ ቁርበት ላይ ተኝተን ያደግን ሰዎች ነን። አንቱ እያልሁ መቆጣት አልችልበትም።

ማን ጻፈላት ብለህም አትጨነቅ። ራሴ ነኝ። አባታችን ዳዊት ሲያስደግምህ እኔ ወፍጮ ላይ ሆኜ እሰማ ነበር። አንተ ቃሉ ሲጠፋህ፣ እሱ አለንጋውን ሲያነሳ፣ እኔ ከወፍጮው ሥር ሆኜ ቀስ ብዬ እነግርህ ነበር። የሰማህ ቀን ትተርፋለህ፣ ያልሰማህ ቀን ትሸነቆጣለህ። ፊደሉን የያዝሁት በአንተ ጀርባ ነው፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግንሃለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አጥቢያ ዳኛው ፊት ቆመህ ያልኸው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ዳኛው፣ ይህ ቀይዋ የሚባል መሬት በእህትዎ እጅ ሲታረስ አይተው ያውቃሉ ወይ ብለው ጠየቁህ። አንተም መስቀልህን እንደያዝህ፣ ሲታረስ አላየሁም አልህ። ሌላ አልጨመርህም። ዳኛው ጥቂት ጠበቁህ፣ እኔም ጠበቅሁህ። አንተ መሬት መሬት አየህ፣ ከዚያ ተመልሰህ ተቀመጥህ።

እውነት ነው፤ አላየህም። በሬ ገብቶባት አያውቅማ። ባሌ በላቸው ከሞተ ወዲህ ማን ያርስልኝ? ሴት ሞፈር ከጨበጠች በረዶ ይወርዳል የምትሉት እናንተው ናችሁ። የእኩል አራሽ ልያዝ ብልም ቀይዋን ያየ ገበሬ በሬዬን በከንቱ አላደክምም እያለ ይሄዳል። የአባታችንን ርስት ስንካፈል ዕጣው ለአንተ የወንዙን ዳር ጥቁር መሬት ሰጠህ፣ ለእኔ ቀይዋን። ዕጣ ነው ብዬ ያን ጊዜ አፌን አልከፈትሁም። ዛሬም በዚያ አልወቅስህም።

ቀይዋ ምን እንደምትመስል ከእኔ የበለጠ ታውቃለህ። አባታችን ከዚያ አፈር ቆንጠር አድርጎ በምላሱ ጫፍ ይነካና ትፍ ይል ነበር። ኮምጥጧል፣ ይህ የገብስ አገር አይደለም ይል ነበር። ገብስ ቢዘራባት ገና በሐምሌ ይገረጣል፣ ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ይቀራል። ባቄላውም ያው ነው። የምትመቸው ለዱሩ ቅጠል፣ ለአስታ፣ ለቱልትና ለእምቧጮ ነበር። እምቧጮውንማ እኔና አንተ ልጠን እያኘክን፣ የማን ፊት ቀድሞ ይጨማደዳል እያልን እንወራረድ ነበር። ሁልጊዜ የምትሸነፈው አንተ ነበርህ።

እኔ ያን መሬት በግብጦ ያዝሁት። አባታችን በሕይወት ሳለ ግብጦ የድኃ እህል ነው እያልህ ትንቅ ነበር፤ ስለዚህ ላስረዳህ፣ ቄስ ሆነህ ይህን ሳታውቅ እንዳትቀር። ለሌላው እህል ኮምጣጣ አፈር ጠላቱ ነው፣ ለግብጦ ግን ቤቱ ነው። በአንተ ጥቁር መሬት ላይ ብትዘራው ይታመማል፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይሞታል። ቀይዋ ላይ ግን በክረምቱ መሐል አፈሩን በመቆፈሪያ ጫር ጫር አድርገህ ብትበትነው ይበቅላል። እርሻ አይፈልግም። ምሬት ስላለው ከብት አይነካውም፣ ስለዚህ አጥርም ጠባቂም አይፈልግም። ባል የሌላት ሴት እህል ነው። እኔም በዚያ ነው እስከ ዛሬ የኖርሁት።

ድካሙ ከታጨደ በኋላ ነው የሚመጣው። ይቆላል፣ ከዚያ በስልቻ ተደርጎ ከወራጅ ውሃ ውስጥ በድንጋይ ተጭኖ ይቀመጣል። ምሬቱ እስኪለቅ ቀናት ይፈጃል። በየቀኑ ወርደህ ማገላበጥ አለብህ፣ ካልተገላበጠ መሐሉ መራራ ሆኖ ይቀራል። የእኛ ወንዝ በጥር ምን ያህል እንደሚበርድ ታውቃለህ። እኔና ስንዱ እስከ ጉልበታችን ገብተን ስናገላብጥ እግራችን የራሳችን አይመስለንም። ያ ነው በየዓመቱ ለሁዳዳ ጾም የምልክልህ ግብጦ። ሸጋ ነው፣ እንዲህ ያለ ግብጦ ጎንደር ከተማ ውስጥ አይገኝም፣ የማኅበሩ ሰዎች ሁሉ አመሰገኑሽ ብለህ ልከህብኛል። ታዲያ ያ ግብጦ ከየት የመጣ መሰለህ? ከሰማይ የወረደ መና ነው?

አመዱም አለ። አመድ ኮምጣጣን መሬት ያበርዳል ብሎ አባታችን ሲናገር ሰምቼ ነበር። ስለዚህ ከየቤቱ ምድጃ የሚጣለውን አመድ በስልቻ እየሰበሰብሁ ተሸክሜ ቀይዋ ላይ በተንሁት። የመንደሩ ሴቶች ሳቁብኝ። ባሏ የሞተባት ሴት አመድ ስትነሰንስ አይተናል፣ መሬት አመድ ስታለብስ ግን አላየንም አሉ። አመዴ የሚል ስም አወጡልኝ። አሁን ገበያ መሐል አመዴ ብለው ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ፣ ምን አደርጋለሁ።

በግብጦውም በአመዱም መሬቷ እያደር ተመለሰች። አምና ከታች ጥጓ ላይ እፍኝ የማትሞላ ገብስ ሞከርሁ። ወገቤ ድረስ መጣች። ያቺ ገብስ ናት ጉድ ያመጣችብኝ። ጭቃ ሹሙ አያ ዋኘው በበቅሎው ሲያልፍ አያትና ቆመ። ከበቅሎው ወርዶ ዛላዋን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ፣ ነፋ፣ ፍሬዋን ቆረጠመ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር፣ ደኅና ዋልሽ እንኳ አላለኝም። ወሩ ሳይሞላ ቀይዋ ጠፍ መሬት ናት ብሎ ከሰሰኝ።

ጠፍ ማለት ባለቤቱ ጥሎት የሄደ፣ ማረሻ ያልነካው መሬት ነው። ለመንግሥት ይገባል ይላሉ። እዚህ ሰፈር መንግሥት ማለት ደግሞ አያ ዋኘው ነው። መሬቷ በኮመጠጠች ጊዜ የእኔ ነበረች፣ ማንም ጠፍ አላላትም። ገብስ ባወጣች ማግሥት ጠፍ ሆነች። ግብሩም ተጠቃሎ በአያታችን ስም ስለሚገባ የእኔ ስም የትም የለም።

እንዲህም ሆኖ አልፈራሁም ነበር። ለምን ብትል አንተ አለህልኛ። አያ ዋኘው ምስክር ጥራ ሲባል የአንተን ስም ጠራ። የራሷ ወንድም፣ ካህን፣ ከዚያው ቤት የወጣ ሰው ይናገር አለ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው ትቀበይዋለሽ ወይ አሉኝ። በአገራችን ወግ ምስክሩን ከተቀበልሁ ቃሉ እንደሚጸናብኝ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ቢጠራ እቃወም ነበር። ወንድሜ ሲባል ግን እኔ ጅሏ ደስ አለኝ። አያ ዋኘው ዛሬ በራሱ ጉድጓድ ገባ ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። እሱ ያለው ይጽናብኝ አልሁ፤ አፌን ሞልቼ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። በገዛ አፌ አሰርሁት፣ አንተም ቋጠሮውን አጠበቅኸው።

ምነው አያ? ሲታረስ አላየሁም፣ ግብጦዋን ስበላ ግን ኖሬአለሁ ብትል ምን ነበረበት? ያ ይበቃኝ ነበር። ዳኛው እንኳ ሊሰሙህ እየፈለጉ ነበር፣ ፊታቸውን አይቻለሁ። ውሸት ተናገርልኝ አላልሁህም። ውሸታም ብትሆን እንዲያውም ይሻለኝ ነበር፤ ውሸታምን ሰው ይረግመዋል፣ ይገላገላል። አንተ ግን እውነቱን ለሁለት ቆርጠህ ግማሹን በልተህ መጣህ። አሁን ሰው ሁሉ ቄሱ እውነት ተናገሩ፣ ለእህታቸውም አላደሉም እያለ ያመሰግንሃል። እኔ ደግሞ የዘመድ እውነት የጣለኝ ሴት ሆኜ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እቆማለሁ። ከምቀኛ የመጣ ቢሆን እችለው ነበር።

አያ ዋኘው ለወንድሜ ምን ሰጥቶት ይሆን ብዬ ብዙ አሰብሁ። ማር ላከለት? ለደብር አለቅነት ሰው ሊያነጋግርለት ተስማማ? ኋላ ግን ያን ቀን ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ። ችሎቱ ሳይጀመር አያ ዋኘው ክንድህን ይዞ ወደ ወይራው ሥር ወስዶህ ነበር። ምን እንዳለህ አልሰማሁም። በከዘራው ጫፍ ወደ እኔ ጠቆመ። ዘወር ብዬ ባይ ከኋላዬ ስንዱ ቆማለች። አንተም አየሃት፣ ከዚያ ቶሎ ብለህ ጥላህን ዘረጋህ። ሰማዩ ደመና ነበር፣ ፀሐይም ዝናብም አልነበረም። ስለዚህ የሰጠህ ነገር የለም ማለት ነው። አስፈራርቶህ ነው።

ፍርሃትህን አላቃልልም። ክህነት አለህ፣ በቁርባን ያገባሃት ሚስት አለችህ፣ ልጆች አሉህ፣ ነገ አለቃ ይሉሃል። ግን እኔም ያን ቀን ተጠይቄአለሁ። አንተ ከተቀመጥህ በኋላ ዳኛው ወደ እኔ ተመልሰው፣ አንቺ ሴትዮ ባል የለሽ፣ መሬቱን ለማን ብለሽ ነው የምትሟገቺ አሉኝ። ለልጄ አልኋቸው። ከማኅፀንሽ የወጣች ናት ወይ አሉኝ። አይደለችም አልሁ፣ አገር የሚያውቀው ነው። ከዘርሽ ናት ወይ፣ የዚህ ርስት ደም አላት ወይ አሉኝ። ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አላት ብል መሬቷ በደም ትያዛለች፣ አያ ዋኘውም ከዚያ ወዲያ አፍ የለውም።

ወደ አንተ አየሁ። አንተ የመስቀልህን ጫፍ በአውራ ጣትህ ታሻሽ ነበር። ስንዱ ከኋላዬ ነጠላዬን ይዛ ቆማለች። ወድቃ ያገኘኋት ናት አልሁ። እያወቅሁ ዋሸሁ። አያ ዋኘው ሳቀ፣ እንግዲያ ሥር የሌላት ልጅ ናት አለ፣ ከሸንጎው ውስጥም የሳቁ ነበሩ። እኔን አመዴ ቢሉኝ ልማዴ ነው። ልጄን ሥር የሌላት ሲሏት ግን ልቤ ተቃጠለ። ወደ ቤት ስንሄድ እማ ሥር የሌላት ማለት ምን ማለት ነው አለችኝ። ዝም በይ፣ መንገዱን እይ አልኋት።

ውዱን ታስታውሳታለህ መቼስ። ለቆሎ ተማሪዎች ውሃ የምትቀዳውን። ማታ ማታ እየዘፈነች ከወንዝ ስትወጣ አባታችን ይህች ልጅ ተማሪዎቼን ታፈዝዛለች እያለ ይቆጣ ነበር። በወሊድ የሞተች ጊዜ የደረስሁላት እኔ ብቻ ነበርሁ። ሕፃኗ የተጠቀለለችበትን ጋቢ ከጥለቱ ለየሁት፤ እኔው በእጄ የፈተልሁት ነው። ወስጄ አቃጠልሁት። አንተ ያን ሰሞን የሠርግህን ሽር ጉድ ይዘህ ነበር፣ ጋቢህ የት እንደደረሰ እንኳ አልጠየቅኸኝም። እኔም ይኸው እስከ ዛሬ ምንም አልጠየቅሁህም። ለፍስክ ሙክት ላክልኝ አላልሁህ፣ ለልብሷ አላልሁህ። አንዲት ነገር ብቻ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ የቸገረኝ ቀን ከጎኔ ይቆማል ብዬ።

ስንዱ ከቀይዋ ሌላ የማወርሳት የላትም። እኔ ብሞት አንድ ጥማድ መሬት የሌላትን ልጅ ማን ያገባታል? ወይ የአያ ዋኘው ቤት ገረድ ትሆናለች፣ ወይ እዚያው ጎንደር ፒያሳ ወርዳ ከአንዱ ጠጅ ቤት ብርሌ ስታጥብ ታገኛታለህ። በደጃፉ በኩል ጥላህን ይዘህ ስታልፍ እንዴት ዋሉ አባ ትልሃለች። ምን ብለህ እንደምትመልስላት አስበህ ታውቃለህ?

አያ ዋኘው ከፋሲካ በኋላ በሬዎቹን ሊያስገባ ተሰናድቷል። እኔም ይግባኝ ብያለሁ፤ ጉዳዩ እዚያው ጎንደር ከዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ይታያል። እዚያ ስትጠራ ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው የጎደለችውን ግማሽ እውነት መናገር ነው። እህቴ ይህን መሬት በግብጦ ይዛዋለች፣ ግብጦ ማረሻ አይፈልግም፣ እኔም ፍሬውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ በአፌም በልቻለሁ ትላለህ። አያ ዋኘው ቢያስፈራራህም ይህን መናገር ክህነት አያፈርስም። ሁለተኛው መንገድ ዝም ማለት ነው። ያን ጊዜ ዳኛው ከዘርሽ ናት ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ለአንተ ብዬ አንድ ጊዜ ዋሽቻለሁ። ሁለተኛ አልዋሽም። ይህን እንደ ዛቻ ብትቆጥረውም ቁጠረው፣ ዛቻ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ግብጦው። እንደ ልማዴ ለሁዳዳ ልኬልሃለሁ፣ ስልቻው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ደርሶሃል። ዘንድሮ ግን አልቆላሁትም፣ ወንዝም አላስገባሁትም። ከነምሬቱ ነው። እንዲሁ እንዳትቀምሰው፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ራስ ያዞራል። ባለቤትህ ይቁሉት፣ ከዚያ ቀሃ ወንዝ አውርደህ አንተ እጠበው። ገረዷ ትጠበው ብለህ እንዳትልካት፣ ተማሪም እንዳትልክ። ቀሚስህን ሰብሰብ አድርገህ አንተው ግባበት። ሲታጠብ አላየሁም የምትልበት ምክንያት እንዳይኖርህ ብዬ ነው።

አሠራሩን ስንዱ ታሳይሃለች። ደብዳቤውን ያመጣችልህ እሷ ናት። ስልቻውን ይዛ በእህል ማኪና እስከ ወለቃ ትመጣለች፣ ከዚያ በእግሯ ነው። ማንበብ አስተምሬአታለሁ፣ ስለዚህ በሰም አትሜዋለሁ፤ ምን እንደጻፍሁ አታውቅም። አጎቴ ብላ ነው የምትጠራህ፣ ግብጦ ላጥብላቸው ነው የምሄደው ብላ ደስ ብሏት ነው የወጣችው። ምሬቱ ተሟጦ እስኪለቅ ድረስ ቤትህ ትደር፤ አብራችሁ ውረዱ፣ አብራችሁ ውጡ። የማን ልጅ ናት ብሎ የሚጠይቅህ ሰው ካለ የፈለግኸውን በለው። እኔ የማውቅህ ከሆነ ቀን እየቆጠርህ እንዳትመልሳት እለምንሃለሁ። ልመናዬ ይህ ብቻ ነው፣ የቀረው ሁሉ ቁጣ ነው።

ይህን ስታነብ ደጅህ ላይ ቆማ ትሆናለች። እንግዳ ቤት ግቢ ሳትባል አትገባም፣ እንዲህ ነው ያሳደግኋት። መንገዱ አድክሟታል። ግቢ በላት።

አምላከ አበው ጉልበትህን ያጽናልህ፣ አንደበትህን ይፍታልህ፣ ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን። ባለቤትህን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ።

እህትህ፣
የስንዱ አክስት